በፎቶግራፍ የከበሩት፣ በፊልም የወረዱት ንጉሠ ነገሥት



እንደሚታወቀው በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ በየዓመቱ ይወጣል። የዘንድሮው ተራ ለእኔ ሲደርሰኝ ስለ ማን እንደምጽፍ ብዙ አልተቸገርኩም። ባለፈው ሐምሌ ማኅበራችን ባዘጋጀው ጉዞ ከለንደን በአውቶቡስ ተነሥተን ባዝ ከተማ ሄደን ነበር። ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስ የተባለውን ቤት ጎብኝተን ተመለስን። ልጆቻችን በደጃፉ ተሰልፈው ፎቶ ሲነሡ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የአንድ ወዳጃችን ልጅ ወደ እኔ መጥታ፣ እኚህ ንጉሥ ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ከነበሩ ዝናቸው ለምን አላዳናቸውም ብላ ጠየቀችኝ። የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ይህ ጽሑፍ ለእሷ የዘገየ መልስ ነው።

ሁለተኛም ምክንያት አለኝ። የማኅበሩ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኜ የሠራሁትን ስሕተት የሚመለከት ስለሆነ እሱን ወደ መጨረሻው አቆየዋለሁ።

በመካከላችን ጃንሆይን የሚወዱም የሚወቅሱም እንዳሉ አውቃለሁ። እዚህ የማነሣው የሕይወታቸውን አንድ ገጽታ ብቻ ነው፤ በአደባባይ መታየት ምን እንደሰጣቸውና ምን እንደነሣቸው።

ከኤጀርሳ ጎሮ እስከ ዘውዱ

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ራስ መኰንን የሐረር ገዥ፣ የዐድዋ ጦር መሪ፣ ለአፄ ምኒልክም ወደ አውሮፓ የተላኩ መልእክተኛ ነበሩ። ልጃቸው ከውጭ አገር ሰው ጋር መነጋገርን ከቤቱ ጀምሮ አየ፤ ፈረንሳይኛም በልጅነቱ ተማረ። ይህ ቋንቋ ኋላ የአውሮፓን ጋዜጦች ያለ አስተርጓሚ ለማንበብ አስችሏቸዋል።

በ1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፤ ተፈሪም አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሠሯቸውን ሥራዎች ስንመለከት፣ በዘመናቸው ከነበሩት መኳንንት ይልቅ መታወቅ ኃይል መሆኑን የተረዱ ሰው እንደነበሩ እናያለን። በ1916 ኢትዮጵያን የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል አደረጉ። በዚያው ዓመት ታላላቅ ራሶችን አስከትለው ኢየሩሳሌምን፣ ግብጽንና የአውሮፓን ዋና ከተሞች ጎበኙ። ካባ ለብሰው የሚሄዱት ወጣት ልዑል የየአገሩን ፎቶ አንሺ ሁሉ ሳቡ። በ1917 ደግሞ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም ጀመረች።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ይህ ዘዴ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ደረሰ። የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ፣ የኢጣሊያ ልዑል፣ የፈረንሳይ ማርሻል አዲስ አበባ ገቡ። የአሜሪካው ታይም መጽሔት ምስላቸውን በሽፋኑ አወጣ። ናሽናል ጂኦግራፊክም በዓሉን ከባለቀለም ሥዕሎች ጋር ለአንባቢዎቹ አቀረበ። እስከዚያ ቀን ድረስ ኢትዮጵያ በካርታ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው ንጉሠ ነገሥቷን በመልክ ዐወቀ።

ነገር ግን ዝና ባለቤቱ የማያዝዘው ነገር መሆኑ የታየውም ያኔውኑ ነው። ለበዓሉ ከመጡት ጸሐፊዎች አንዱ እንግሊዛዊው ኤቭሊን ዎ ነበር፤ ያየውን ሁሉ መሳለቂያ አድርጎ ጻፈው። በሌላ በኩል በጃማይካ ደሴት የጋዜጣውን ፎቶ ያዩ ድሆች ጥቁር ንጉሥ በዙፋን ተቀምጦ ሲያዩ፣ ጃንሆይ ራሳቸው ያላሰቡትና ያልጠየቁት ሃይማኖት በስማቸው ተጀመረ። ያው አንድ በዓል ለአንዱ ቀልድ፣ ለሌላው የአምልኮ ምክንያት ሆነ።

ጦርነቱና ጋዜጠኞቹ

ኅዳር 26 ቀን 1927 ወልወል ላይ ግጭት ሲነሣ ሙሶሊኒ ጦር ብቻ ሳይሆን ወሬም አዘጋጅቶ ነበር። በጄኔቫው ማኅበር ፊት ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ስላለው የባሪያ ንግድና ስለ ኋላ ቀርነታችን በፎቶግራፍ የታገዘ ጥራዝ አቀረበች። ከፊሉ የተጋነነ፣ ከፊሉ ግን እኛው በጊዜው ያላስተካከልነው ነውራችን ነበር። ያልታረመ ገበና የጠላት መሣሪያ እንደሚሆን ያን ጊዜ መማር ይቻል ነበር።

ጃንሆይ በአጸፋው ከተማቸውን ለጋዜጠኞች ከፈቱ። በ1928 መባቻ አዲስ አበባ ላይ ከመቶ በላይ የውጭ ወሬ አቅራቢዎችና ፎቶ አንሺዎች ተሰብስበው ነበር። ጃንሆይ ከአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ለውጭው ዓለም ንግግር አደረጉ። መስከረም 22 ቀን 1928 ወረራው ተጀመረ። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው የሚታዩበት ፎቶ በዓለም ጋዜጦች ተሰራጨ።

ይህ ሁሉ ከንቱ አልነበረም። በዚያው ወር የእንግሊዙ ሰር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ቆርሰው ለኢጣሊያ ለመስጠት በምሥጢር ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ በፓሪስ ጋዜጦች ሲጋለጥ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ከሥልጣኑ ለቀቀ፤ ዕቅዱም ፈረሰ። ሕዝቡ አስቀድሞ ስለ ኢትዮጵያ ባይሰማ ኖሮ አይቆጣም ነበር። የመታወቅ ጥቅሙ ይህ ነው፦ በር ዘግቶ ሊሸጥህ የሚነሣውን ሰው ያሳፍርልሃል።

ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. የ1935 የዓመቱ ሰው ብሎ መረጣቸው። መጽሔቱ ከወጣ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ። የዓለም አድናቆት ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል ጭምብል ሆኖ ለአንድ ወታደር እንኳ አልደረሰም።

ከጄኔቫ እስከ ባዝ

ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ለመናገር ሲነሡ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ጃንሆይ ዝም ብለው ቆመው ጠበቁ። የሚያውኩት ከተወሰዱ በኋላ በአማርኛ ንግግራቸውን ቀጠሉ። ስለ መርዝ ጋዙ ዘርዝረው ተናገሩ፤ በእኛ ላይ የደረሰው ነገ በትንንሾቹ መንግሥታት ሁሉ ላይ እንደሚደርስ አስጠነቀቁ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት የዜና ካሜራዎች ቀረጿቸው። ከዚያ ወዲህ ባለው የሕይወት ዘመናቸው ሁሉ ዓለም የሚያስታውሳቸው በዚያች ሰዓት ነው።

ወር ሳይሞላ ግን በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ተነሣ። በሐምሌ የስፔን ጦርነት ጀመረ፤ ጋዜጠኞቹም ሻንጣቸውን ይዘው ወደዚያ ሄዱ። ጃንሆይ ባዝ ከተማ በዚያ እኛ ባየነው ቤት ተቀመጡ። ክረምቱ ብርድ፣ ገንዘቡም እጥረት ነበር፤ የብር ዕቃቸውን እስከ መሸጥ ደርሰዋል። ከጥቂት ወራት በፊት በሽፋን ላይ የወጡ ሰው አሁን በመንገድ ሲሄዱ የሰፈሩ ሰው ብቻ ባርኔጣውን ያነሣላቸው ነበር።

በዚያ ጊዜ ያልተለየቻቸው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበረች። ኢጣሊያኖች አዲስ አበባ በገቡበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረች፤ ለሃያ ዓመትም አላቋረጠችም። ትልልቆቹ ጋዜጦች ሲረሱን ያልረሳችን ይህች ትንሽ ጋዜጣ ናት። ሲልቪያ በመጨረሻ አዲስ አበባ ገብታ ኖረች፤ በመስከረም 1953 ስታርፍም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች። ከዝና ጋጋታ ይልቅ ሳይታክት እውነቱን የሚናገር አንድ ወዳጅ እንደሚበልጥ እሷን ሳስብ ይታየኛል።

ጮክ ብሎ የሚያመሰግነው ራዲዮ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ጃንሆይ አዲስ አበባ ተመለሱ። አዲስ ዘመን ጋዜጣም በዚያው ዓመት መታተም ጀመረ። ጊዜው ሲረዝም የማስታወቂያ ሚኒስቴር፣ ራዲዮ፣ በ1957 ደግሞ ቴሌቪዥን መጣ። በውጭ አገር ክብራቸው እንደገና ከፍ አለ። በ1946 በኒውዮርክ ጎዳና ወረቀት እየተበተነላቸው አለፉ። በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በሚያዝያ 1958 ጃማይካ ሲደርሱ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ከብቦ መውረጃ አሳጥቷቸው ነበር።

ነገር ግን ፊተኛው ዝና እና ኋለኛው አንድ አልነበሩም። በ1928 ለዓለም የተናገሩት ያገራቸውን መከራ ነበር። ኋላ የራዲዮው ዜና የሚጀምረው ጃንሆይ የት እንደዋሉ፣ ማንን እንደተቀበሉ፣ ምን እንደመረቁ በመዘርዘር ሆነ። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት መኮንኖች ራዲዮውን ይዘው ስለ ሕዝቡ ድህነት ሲናገሩ፣ ብዙ ሰው በዚያ ጣቢያ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ሙከራው ከሸፈ፤ ራዲዮውም ወደ ምስጋናው ተመለሰ።

እዚህ ላይ እኔ ራሴ ያየሁትን ልናገር። በ1965 የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በከተማችን፣ በደሴ መንገድ ዳር፣ ትንሽ ሱቅ ነበረው። በቆጣሪው ላይ ትራንዚስተር ራዲዮ ይቀመጥ ነበር። ዝናቡ ከቀረ ሰንብቶ ገበሬዎች ከገጠር እየወረዱ መንገዱ ዳር ላይ ይቀመጡ ጀመር። መጀመሪያ በሬ ሸጡ፤ ቀጥሎ የቤት ዕቃ። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ገበሬ ከባለቤቱ ጋር መጥቶ ማረሻውን ለአባቴ ሊሸጥለት አወጣ። አባቴ ማረሻውን የሸጠ ገበሬ ተመልሶ አያርስም ብሎ አልገዛም አለው፤ በነጠላው ጫፍ እህል ቋጥሮለት ማረሻውን አስይዞ ሸኘው። በሳምንቱ ሚስቲቱ ብቻዋን መንገዱ ዳር ተቀምጣ አየኋት። ማረሻው አጠገቧ ነበር።

ያን ምሽት ራዲዮው እንደ ወትሮው ዜናውን አሰማ። ስለ ደጃፋችን አንድ ቃል አልነበረበትም። አባቴ እጁን ዘርግቶ ዘጋው። ራዲዮ ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ባትሪው ካላለቀ በስተቀር አይዘጋም ነበር።

የተደበቀው ረሃብ

መንግሥት ነገሩን የሚያውቀው በኋላ አልነበረም። ከአውራጃዎቹ ሪፖርት ይላክ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶዎች በዩኒቨርሲቲው አሳይተዋል። ጃንሆይ ራሳቸው ምን ያህል ይነገራቸው እንደነበር እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ግን በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎች ዋና ጭንቀት የአገሪቱና የዘውዱ ስም በውጭ እንዳይጎድፍ መሆኑ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። ስም ለመጠበቅ ተብሎ እርዳታ ሳይጠየቅ ወራት አለፉ። የሞተው ሰው ቁጥር ግምቱ የተለያየ ነው፤ ዝቅተኛው አርባ ሺህ ያህል፣ ከፍተኛው ሁለት መቶ ሺህ ይደርሳል።

ጥቅምት 8 ቀን 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ላይ የቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ርእሱ ያልታወቀው ረሃብ የሚል ነበር። ያየው ሕዝብ ገንዘብ አዋጣ፤ እህልና መድኃኒት መጣ። በኅዳር ጃንሆይ ወሎን ጎበኙ። ያ ፊልም ባይኖር የሚሞተው ሰው ይበዛ እንደነበር አልጠራጠርም። ከእኛ ከተማ በሕይወት ከተረፉት ብዙዎቹ የተረፉት ከዚያ በኋላ በመጣው እህል ነው።

በየካቲት አብዮቱ ፈነዳ። መስከረም 1 ቀን 1967፣ በአዲሱ ዓመት ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ቆራርጦ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ኬክ፣ ሥጋ የሚጣልላቸው ውሾች ገቡበት። ጃንሆይም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግስቱ መኮንኖች መጥተው ከሥልጣን መውረዳቸውን አነበቡላቸው፤ በአንዲት ቮልስዋገን መኪና የኋላ ወንበር አስቀምጠውም ወሰዷቸው። በሮልስ ሮይስ ሲያልፉ እልል ሲል የኖረው መንገድ ያን ቀን ሌባ እያለ ጮኸባቸው።

ነሐሴ 21 ቀን 1967 ሞቱ። ደርግ በሕመም ነው ብሎ አስነገረ፤ ኋላ ግን መገደላቸው ታወቀ። ዐፅማቸው በ1984 ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጥቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። በፊልሙ ተጠቅሞ ሥልጣን የያዘው ደርግ ራሱ፣ በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሲያከብር ወሎና ትግራይ እንደገና ተርበው ነበር። በዓሉ እንዳይበላሽ ተብሎ ረሃቡ ዳግመኛ ተደበቀ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ከኮረም የመጣው የቢቢሲ ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። አሥራ አንድ ዓመት አልፎ፣ ሥርዓት ተለውጦ፣ ያው ስሕተት በዚያው ምድር ተደገመ።

ለዚያች ልጅ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ጃንሆይን ያከበራቸው መታየታቸው ብቻ አልነበረም፤ ጄኔቫ ላይ ሲታዩ የተናገሩት እውነት ነበር። ያዋረዳቸውም ፊልሙ ብቻ አይደለም፤ መንግሥታቸው በጊዜው ሳይናገር የቀረውን ነገር ሌላ ሰው እንደፈለገ ቆርጦ ቀጥሎ ተናገረላቸው። ክፉ ዜናውን ራሱ የሚናገር ሰው ቢያንስ አነጋገሩን ይመርጣል። የደበቀ ግን ምርጫውን ለጠላቱ ይሰጣል፤ እስከዚያ ድረስ የሚሞተው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

የእኛ ጉዳይ

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት ባወጣነው መጽሔት ሽፋን ላይ የነበረውን ፎቶ ታስታውሳላችሁ፤ አዲሱ የውኃ ፓምፕ ሲመረቅ፣ ሪባን ሲቆረጥ፣ ሕፃናት በእጃቸው ውኃ ሲቀበሉ። ያንን ፎቶ የመረጥኩት እኔ ነኝ። በቀጣዩ ጥቅምት የቀበሌው የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆኑት አባት በስልክ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ፓምፑ ቆሟል፣ ሴቶቹ ወደ ወንዙ ተመልሰዋል፣ አንዲት ዕቃ ብቻ ነው የተሰበረችው አሉኝ። የገቢ ማሰባሰቢያ እራታችን በታኅሣሥ ነበር። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ባይሰማ ይሻላል ብዬ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ሳልናገር ቆየሁ። እራቱ ካለፈ በኋላም ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ሰውየው ሁለት ጊዜ ደግመው ላኩልኝ፤ በሁለተኛው ላይ ልጄ፣ ምናልባት መልእክቴ አልደረሰህ ይሆናል ብለው ነበር።

ሰባት ወር ዝም አልኩ። በመጨረሻ ለእረፍት አገር ቤት የሄደ አንድ ወጣት የዛገውን ፓምፕ ቀርጾ በማኅበራዊ ሚዲያ ለቀቀው፤ ከሽፋናችን ፎቶ ጋር አጣምሮ። የተከተለውን ታውቃላችሁ፤ አንዳንድ አባላት መዋጮ አቆሙ፤ ስብሰባችን ላይ ሌባ የሚለው ቃል ተነሣ። የጠፋ ገንዘብ አልነበረም፤ ግን ማን ያምነናል? በእነዚያ ወራት በቀበሌው ሕፃናት ተቅማጥ ታመው ነበር። ከወንዙ ውኃ የመጣ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ አይደለም ለማለትም አፍ የለኝም። ዕቃዋ ተገዝታ ፓምፑ የተጠገነው በግንቦት ነው። ዋጋዋ የአንድ ሰው የእራት ትኬት አያህልም ነበር።

በልጅነቴ አባቴ የዘጋውን ራዲዮ እያስታወስኩ፣ እኔው ራዲዮውን ሆኜ ተገኘሁ። ለዚህም አባላትን፣ ከሁሉ በላይ እኚያን አባት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ያልተሳካልን ሥራ የሚል ገጽ ይኑር፤ ፎቶውም እንደ ምረቃው ፎቶ በግልጽ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ከአገር ቤት የሚመጣ ማንኛውም አቤቱታ ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሦስት የኮሚቴ አባላት በአንድ ጊዜ ይድረስ። ሦስተኛ፣ የተቸገረ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አይውጣ። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ያየናቸው ወገኖቻችን ዓለምን ቀስቅሰዋል፤ ስማቸውን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ያቺ ማረሻ አጠገቧ ይዛ የተቀመጠች ሴት ስም ነበራት፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሳይነጋ እኛው ራሳችን ብንናገር ይሻለናል።

ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።